በአንድ ንክኪ

መልእክቱ ሲገባ ሂልማ የአተር ሾርባዋን ይዛ በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ባዶ ወንበር እየፈለገች ነበር። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ሳህኑን ባገኘችው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አነበበችውና እዚያው ቆማ ቀረች።

«ምነው፣ ሾርባው ውስጥ ዝንብ አገኘሽ እንዴ?» አላት ኦትሶ ከኋላዋ መጥቶ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሯት የተማረ ጓደኛዋ ነው።

«ተቀበሉት» አለችው። «የሠራሁትን ክፍል ኪቱ ውስጥ አስገቡት።»

ኦትሶ ስልኩን ከእጇ ወስዶ ራሱ አነበበው። ከዚያ ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። በሰሜናዊቷ ከተማቸው በካያኒ ይህ እንደ ጭፈራ ይቆጠራል።

ኪቱ በነፃ የሚታደል የክፍያ ሶፍትዌር ነው። በድረ ገጽ የሚሸጥ ማንም ሰው ወስዶ ሱቁ ላይ ይገጥመዋል። የተሠራው በተገጣጣሚ ክፍሎች ነው፤ አንዱ ግብሩን ያሰላል፣ አንዱ ደረሰኝ ይልካል፣ ሌላው ከባንክ ጋር ይነጋገራል። ባለሱቁ የሚፈልገውን ይሰካል፣ የማይፈልገውን ይተዋል። ክፍሎቹን የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አዲስ ክፍል የሚገባው ግን የኪቱ ጠባቂዎች መርምረው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ሂልማ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከጠባቂዎቹ ማንም ይህን አያውቅም ነበር።

ክፍሉን የሠራችው ለኦትሶ አክስት ለሪትቫ ነው። ሪትቫ ዳቦ ቤት አላት። ደንበኞቿ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ በየሳምንቱ ያንኑ ጥቁር ዳቦ ያዝዛሉ፣ በየሳምንቱም የካርዳቸውን ቁጥር ሲጽፉ ይሳሳቱና ደውለው ሪትቫን ይቆጧታል። የሂልማ ክፍል ይህን አስቀረ። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ከዚያ በኋላ ካርዱን ማውጣት አያስፈልገውም፤ በአንድ ንክኪ ይከፍላል። ክፍያውም ሆነ ሌላ የታዘዘው ነገር እስኪፈጸም ደግሞ አንድ ጎኗ ክፍት የሆነች ትንሽ ቀለበት እየዞረች ትቆይና ሲፈጸም ትገጥማለች። ቀለበቷን የሣለችው ሂልማ ራሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ሪትቫ አስጨመረቻት። «የሽማግሌ ጣት ሳያስበው ይነካል» ስላለቻት፣ ሂልማ ከንክኪው በኋላ አንዲት ጥያቄ ብቅ እንድትል አደረገች። «ይከፈል?» ትላለች። መልሱ «አዎ» ወይም «ይቅር» ነው።

ኮድ መጻፍ ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ አርቱ ነው። አባታቸው ኦሉ ሄዶ ሌላ ቤተሰብ ከመሠረተ ወዲህ፣ እናታቸው ፓይቪ አውቶቡስ ስትነዳ በምትውልባቸው ቀናት ራት የሚሠራውም፣ የቤት ሥራ የሚያሳያትም እሱ ነበር። አሁን መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የምሥራቹን ስትነግረው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ስልኩን ደረቱ ላይ ደፋና ፈገግ አለ።

«በቃ በለጥሽኝ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።»

«እኔም አንተን ሳላውቅህ ነው የኖርኩት» አለችው።

ሳቀ። ያን ሳቁን በኋላ ብዙ ጊዜ ታስታውሰው ነበር።

ሐይቁ በረዶ ሲይዝ ከኪቱ ጠባቂዎች አንዷ ጻፈችላት። ካሪን ትባላለች፤ የምትኖረው ዴንማርክ ነው። ኪቱን በብዙ ድረ ገጾቹ ላይ የሚጠቀም አንድ ትልቅ ኩባንያ የሂልማን ክፍል እንደወደደው ነገረቻት። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ክፍሉን የሚገጥመው ሰው ጥያቄዋን ማጥፋት የሚችልበት መንገድ ይኑር። ደንበኞች ጥያቄዋን ሲያዩ መሃል ላይ ይመለሳሉ ይላል ኩባንያው።

ሂልማ ይህን ለኦትሶ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነገረችው።

«ተመለሱ ማለት መክፈል አልፈለጉም ማለት አይደል?» አላት።

«ፋራ አትሁን። እኔ ምርጫ ነው የምሰጠው። አክስትህ ታበራታለች፣ እነሱ ያጠፏታል። ማንም አልተጎዳም።»

ኦትሶ ትከሻውን ነቀነቀ። ብርድ ስለነበር ክርክሩ እዚያው አበቃ።

ሥራው ቀላል ነበር። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ጨመረች፤ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። የኩባንያው ድረ ገጾች ምን እንደሚሸጡ አልጠየቀችም። ሳምንት ሳይቆይ ከኩባንያው ምስጋና መጣላት፤ አስከትሎም በረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ዋና ከተማው ሄልሲንኪ መጥታ እንድትሠራ ጠየቃት። ማደሪያዋን ራሱ እንደሚችል ጨምሮ ነገራት። ፓይቪ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ለተሳፋሪዎቿ ሳይቀር አወራች። ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ የማያበዙት ሰዎች እንኳ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ «እንኳን ደስ ያለሽ» እያሏት ሄዱ።

በዚያው ሰሞን አርቱ ተለወጠ። መጀመሪያ መኪናው ጠፋ፤ ጋራዥ ገብቷል አለ። ቀጥሎ የበረዶ ሆኪ ዕቃው ከመግቢያው በር አጠገብ ጠፋ፤ ጠቦኝ ነው አለ። ቤት ውስጥ ሲጠሩት ከሁለተኛው ጥሪ በፊት አይሰማም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቀን ሂልማ ትኩስ ቸኮሌት ለመግዛት የባቡር ጣቢያው ካፌ ገባች። አርቱ የመጋዘን ጃኬቱን እንደለበሰ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረበት። ስታየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

ከሥራ ከወጣ መቆየቱን ነገራት። ሌላ ሥራ እየፈለገ ነው፣ ሲያገኝ ለእናታቸው ራሱ ይነግራታል። ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኖች ነበሩ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት። እሺ?» አላት። «እሷ ላይ ሌላ ሸክም አልጨምርም።»

«እሺ» አለች ሂልማ።

ከዚያ ካርዱ እንዳስቸገረው ነግሯት የቡናውን እንድትከፍልለት ጠየቃት። ከፈለችለት። ወደ ቤት ስትሄድ የወንድምን ገመና መሸፈን ደግ ነገር ነው ብላ ራሷን አጽናናች። እናቷ ማታ «አርቱ ዛሬም ትርፍ ሰዓት ገባ?» ብላ ስትጠይቃት «መሰለኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር የሆነው በአንድ ሐሙስ ነው። በዚያ ወቅት ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቀኑ ጨልሞ ይጠብቃቸዋል። ሂልማ በእናቷ አውቶቡስ ተሳፍራ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣለች። የፓይቪ ስልክ ጮኸ፤ አላነሳችም። እንደገና ጮኸ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ አንድ ፌርማታ ላይ አቁማ አነሳችው። የደወለው ታውኖ ነበር፤ የአያታቸው የበጋ ቤት ጎረቤት የሆነ ሽማግሌ። ቤቱ ሐይቁ ዳር ነው፤ በክረምት ማንም አይሄድበትም። ታውኖ ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚገባ የሰው ዱካ በረዶው ላይ አይቷል። የሚመለስ ዱካ ግን የለም፤ ከጭስ ማውጫውም ጭስ አይወጣም። በሩን ከፍቶ ሲገባ አርቱን አገኘው።

ፓይቪ ስልኩን ዘጋች። ሞተሩን አጠፋች፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረች።

«ይቅርታ» አለች። «ይህ አውቶቡስ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም። አንድ በአንድ ወደ በረዶው ወረዱ። ሂልማ ለሪትቫ ደወለች፤ ሌላ መኪና ያለው ሰው ትዝ አላላትም። ሪትቫ በዳቦ ማመላለሻ መኪናዋ መጣችና ሦስቱም ከፊት ተጨናንቀው ሄዱ። መኪናው ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ ሂልማ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ሽታ አትወደውም።

ሲደርሱ ታውኖ ምድጃውን አንድዶ አርቱን በራሱ ካፖርት ጠቅልሎት ነበር። አርቱ አወቃቸው፤ ግን ዓይናቸውን አላየም። ካልሲው በብርድ እግሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በዚያ ብርድ እሳት ሳያነድ ለምን እንደተቀመጠ ማንም አልጠየቀውም፤ ሁሉም ገብቷቸዋል። አምቡላንሱ መጥቶ ወሰደው። የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ሐኪሞቹ ማትረፍ አልቻሉም።

የቀረውን አርቱ ለነርሷ ነገራት፤ እሱ ፈቅዶም ነርሷ ለእናቱ ነገረቻት። ቁማር ነው። ስልኩ ላይ ነው የሚጫወተው፤ ሥራውን ያጣው በሱ ነው፣ መኪናውን የሸጠው በሱ ነው። ለቤት አስቤዛ እንዲገዛበት ስልኩ ላይ የተመዘገበው የፓይቪ ካርድም ባዶ ሆኗል። ሆስፒታሉ ለአእምሮ ሕሙማን ወዳለው ክፍል አዛወረው።

ከሆስፒታሉ ሲወጡ ፓይቪ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆም አለች።

«ሥራ እንደሌለው ታውቂ ነበር?»

ሂልማ መዋሸት ትችል ነበር። «አውቅ ነበር» አለች።

እናቷ አልጮኸችባትም። ራሷን ነቅንቃ መንገዷን ቀጠለች፤ ሂልማ ከኋላዋ ተከተለቻት። ብትጮኽባት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ፓይቪ የአርቱን ስልክ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። መክፈቻ ቁጥሩን ሰጥቷታል። «ያንን ነገር ዝጊልኝ» አለቻት። «እኔ አላውቅበትም።»

ሂልማ ገጹን ከፈተች። ፍራፍሬዎች ይሽከረከራሉ፣ ወርቃማ ሳንቲሞች ይዘንባሉ። ደንበኝነቱን ለመዝጋት የመታወቂያ ፎቶ ይጠይቃል። ምክንያት ምረጥ ይላል። ኢሜይልህን ክፈትና አረጋግጥ ይላል። እርግጠኛ ነህ ይላል፤ ወደ ቀጣዩ ገጽ ሲሻገሩ እንደገና እርግጠኛ ነህ ይላል። ለመውጣት ሲሆን ገጹ መጠየቅ አይሰለቸውም።

በመጨረሻ የእናቷን ካርድ ለመሰረዝ ወደ ክፍያው ገጽ ሄደች። «ሰርዝ» የሚለውን ነካች። አንድ ጎኗ ክፍት የሆነች ትንሽ ቀለበት ብቅ አለች። ዞረች፣ ዞረች፣ ገጠመች።

«አለቀ?» አለች ፓይቪ።

ሂልማ ወደ ገጹ ግርጌ ወረደች። የኩባንያው ስም እዚያ አለ፤ ሄልሲንኪ የጠራት ኩባንያ ነው።

የጎብኚ ቀን ሲደርስ ብቻዋን ሄደች። አርቱ በመስኮቱ አጠገብ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ከሰውነቱ ቀድሞ ያረጀ ይመስላል። ስለ ምግቡ፣ ስለሚያንኮራፋው የአልጋ ጎረቤቱ አወራት። ከዚያ ሳትጠይቀው ወደ ራሱ ነገር ገባ።

«መጀመሪያ መጀመሪያ ይጠይቅ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ገጹ ነዋ። ልትከፍዪ ስትዪ ‹ይከፈል?› ይልሻል። ያቺ ጥያቄ እኔንጃ… አንዳንዴ ‹ይቅር› ብዬ ስልኩን አስቀምጬ የምተኛባቸው ቀናት ነበሩ። ከዚያ አንድ ቀን የለችም። ስትነኪው ይሄዳል፣ ስትነኪው ይሄዳል።» እጁን ተመለከተ። «ሰበብ እየፈለግኩ አይደለም። ጣቱ የኔ ነው።»

ሂልማ አንድ ነገር ልትናገር ፈለገች፤ የተናገረችው ግን የአውቶቡስ ሰዓት እንደደረሰባት ነበር።

ኦትሶ ሁሉንም ከሰማ በኋላ «ቢላ በመሥራቱ የታሰረ ሰው የለም» አላት።

«ቢላውማ ሰገባ ነበረው። ሰገባውን ያወለቅኩት እኔ ነኝ።»

«አታውቂም ነበራ።»

«አልጠየቅኩማ።»

«ለሱ ግን አትንገሪው። ምን ይጠቅመዋል? ተኝቶ ያለን ሰው እንደገና መምታት ነው።»

መንገር የምትፈልገው ለእሱ ብላ ይሁን ራሷን ለማቅለል፣ ልቧ ቁርጡን አልነገራትም። ማብሪያ ማጥፊያውን የሚያወጣ እርማት ግን በዚያው ቀን ጽፋ ለኪቱ አቀረበች። ለካሪን ለብቻዋ የሆነውን ነገረቻት፤ ዕድሜዋንም ነገረቻት።

የካሪን መልስ አጭር ነበር። ኩባንያው ምን እንደሚሠራ ታውቅ ኖሯል፤ ሂልማም የምታውቅ መስሏት ነበር። «ማን እንደሆንሽ መጠየቅ ነበረብኝ» ብላ ጻፈች። «እኔ እርማቱን እደግፋለሁ። ግን ቢጸድቅም ኩባንያው በእጁ ያለውን አሮጌውን እንዳይጠቀም የሚከለክለው የለም። በነፃ የሰጠነውን መልሱ ማለት አንችልም።»

ጠባቂዎቹ ድምፅ ሰጡ። የሂልማ እርማት ወደቀ። ብዙ ሰው በማጥፊያው ሥራውን ስለሚሠራ ማውጣቱ ብዙ ድረ ገጾችን ይሰብራል አሉ። ክፉ ቃል የተናገራት የለም፤ እንዲያውም ላበረከተችው አመሰገኗት። ክፍሉ ላይ ስሟ እንዳለ ነው፤ ክፍሉ ግን የሷ አልነበረም። ለኩባንያው እንደማትመጣ ጻፈች። ምክንያቱን አልጠየቋትም፤ መልካም ዕድል ተመኙላት።

ለእናቷ ሁሉንም የነገረቻት አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ነው። ፓይቪ መሪውን እንደያዘች ሰማቻት።

«ለሱ ነግረሽዋል?» አለቻት።

«አልነገርኩትም። ኦትሶ አትንገሪው ይላል። ያመዋል ይላል።»

ፓይቪ መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን በረዶ አየች። «አርቱም ያልነገረኝ እኔን እንዳያመኝ ብሎ ነበር» አለች።

በሚቀጥለው የጎብኚ ቀን አርቱ ቀለል ብሎት ነበር። ተረከዙን እየረገጠ መራመድ ጀምሯል። በመተላለፊያው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሄልሲንኪ መቼ ነው?» አላት። «እዚህ ለነርሶቹ ሁሉ አውርቻለሁ። እህቴ አሪፍ ናት ብያቸዋለሁ።»

«አልሄድም።»

«በኔ ምክንያት ከሆነ አትሞኚ። እኔ የራሴን እችላለሁ።»

«ኩባንያው እኮ ያ የምትጫወትበት ነው። የነሱ ነው» አለችው። «ክፍሉ ደግሞ የኔ ነው። ያቺን ጥያቄ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አጥፊልን ሲሉኝ ማጥፊያውን የሠራሁላቸውም እኔ ነኝ። ምን እንደሚሸጡ አልጠየቅኩም፤ ስላሞገሱኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አርቱ አላያትም። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰውዬ በረዶ በአካፋ እየዛቀ ወደ አንድ ጎን ይከምራል። አርቱ ሰውየው የመንገዱን ጫፍ እስኪደርስ ድረስ ሲያየው ቆየ።

«አውቀሽው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አይደለም። ግን ማወቅ እችል ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። የወንበሩን ክንድ ይዞ ተነሳ። እያነከሰ እስከ ክፍሉ ሄደና ገባ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ነርሷ በዚያ ስታልፍ ሂልማን ብቻዋን አየቻት። የከተማው አውቶቡስ ሊደርስ ትንሽ እንደቀረው ነገረቻት፤ አሁን ከወጣች ትደርስበታለች።

«እጠብቀዋለሁ» አለች ሂልማ።

«ዛሬ ላይወጣ ይችላል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ጃኬቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።